ስለ መቆም

ሰው መኪና ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሩጫው ነው። ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ዳገቱን እንዴት እንደሚወጣ፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይመረምራል። እንዴት እንደሚቆም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መሄድ ለዐይን የሚታይ ስለ ሆነ ይወደሳል፤ መቆም ግን የታጣ ቀን ብቻ የሚታሰብ ጸጋ ነው።

እኛን ወደዚህ አሳብ ያደረሰን፣ አባታችን በ1959 ዓ.ም. ገዝተውት እስከ ዛሬ በአቃቂ ግቢያችን ያለው ቮልስዋገን ነው። ይህ ዐይነት መኪና በአገራችን ከማገልገል አልፎ የታሪክ ምስክር ለመሆን በቅቷል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ተሳፍረው ነበርና።

የመኪናችን ፍሬን በአራቱም ጎማ ታምቡር ነበር። በታምቡሩ ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች አሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬኑ ዘይት ይገፋቸውና ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። ፍትጊያውም ሩጫውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሙቀቱ በተዘጋው ታምቡር ውስጥ ይታፈናል፤ ብረቱ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ውሃ የገባበት እንደ ሆነም እስኪደርቅ ድረስ አይታመንም። ዲስክ ግን በግልጥ ነፋስ ላይ የሚሽከረከር ሳሕን ስለ ሆነ ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል፤ ውሃውንም ያራግፋል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚችለው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። መቶ ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ መውረድም፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥን መኪና ሰባት ጊዜ ከማቆም ጋር የሚተካከል ሙቀት ያመጣል። አቃቂ ከአዲስ አበባ መካከል ዝቅ ብላ የምትገኝ ናት፤ መንገዷም ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ የጭነት መኪናዎች የሚበዙበት ነው። በአንድ የክረምት ቀን ከቃሊቲ ስንመለስ ከፊታችን የነበረው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። እኛም ፍሬን ስንረግጥ ውሃ የጠጣው ታምቡር ወደ ግራ ጎተተን፤ በአንድ ክንድ ርቀት ተረፍን። እናታችን ከኋላ ተቀምጠው ነበር።

ስለዚህ የፊቱን ታምቡሮች አውጥተን ዲስክ ለማስገባት ቈረጥን። ወንድም ጋሼ ግን አልተስማሙም። «ዛሬ ፍሬኑን፣ ነገ ሞተሩን ስንለውጥ የአባታችን የሚባል ምን ይቀራል?» አሉ። ይህ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ኋላ ግን፣ ራሱ የቮልስዋገን ፋብሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው 1500 በሚባለው ዐይነት ላይ የፊት ዲስክ እንደ ገጠመ አስረዳናቸው። ዲስክ ለእንግሊዛዊው ላንቸስተር በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የተሰጠበት አሮጌ አሳብ ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ. በለ ማን ውድድር ያሸነፈው ጃጓርም የቆመው በዚሁ ነው። ወንድም ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያውስ ለእናታችን ስንል ይሁን» አሉ።

ሥራውን የያዙት የሠፈራችን መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከፊት ዲስክ መግባቱ ይበቃል ብለው፣ የኋላውን ታምቡር ከእጅ ፍሬኑ ጋር በቦታው ተዉት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያሉም ዲስኩን ብቻ ለውጦ መሄድ እንደማይገባ አስተማሩን። የታምቡር ማስተር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ያ ግፊት ለዲስክ ጠላት ነው፤ እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላም ሸራውን ከዲስኩ ጋር እያነካካ ያግለዋል። አሮጌው ማስተር ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ስለ ነበረው፣ አንድ ጎማ ጋ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ፍሬን ያጣሉ። ስለዚህ ፊትና ኋላው የተለየ ማስተር ገባ፤ ቱቦዎቹ ተለወጡ፤ እርጥበት የጠጣው የፍሬን ዘይት ተደፋ፤ አየሩም ከየጎማው እየተጠባ ወጣ። ፔዳሉ ከቀድሞው ጠንከር ብሏል፤ ታምቡር ሲሽከረከር ጫማውን ወደ ራሱ በመሳብ እግርን ያግዝ ነበር፤ ዲስክ ይህን አያደርግምና። መኪናው ቀላል ስለ ሆነ ግን የእግር ጉልበት ይበቃዋል።

በሜዳ ላይ በዝግታ፣ ከዚያም እየፈጠንን ሞከርነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል ቀጥ ብሎ ቆመ። ወንድም ጋሼ አሮጌዎቹን ታምቡሮች በግራሶ ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በዕቃ ቤት አኖሩአቸው።

ቅርስ መጠበቅ ዕቃውን ሳይነኩ ማኖር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አባት ለልጆቹ መኪና የሚተወው እንዲሳፈሩበትና በሰላም ቤታቸው እንዲገቡበት ነው። ታምቡሩን በክብር አስቀምጦ በዲስክ መጓዝ፣ ዕቃውንም የዕቃውንም ባለቤት አሳብ ጠብቆ ማቆየት ይመስለናል።