ትልቁን ስጠኝ አትበሉ

የአጎቴን አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 የማያውቅ ማክሰኝት ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ካርቡሬተሯ ተበልቶ አለቀ፤ ምትክ ፍለጋ ጎንደር ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት አወጣልኝ፦ አንዱ ጉሮሮው እንደ ነባሩ 24 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 28። «ወንድሜ ትልቁን ውሰድ፣ ጉልበት ይሰጥሃል» አለኝ።

24ቱን ወሰድኩ። የድሮ ተማሪዎቼ፣ በርኑሊ ትዝ ይላችኋል? አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑም ከሥር ይሳባል። ጉሮሮው ለሞተሩ ከሰፋ ግን በዝቅተኛ ዙር አየሩ ይዝላል፣ ቤንዚኑ በደንብ አይሳብም። እኛን ዳገት የሚያወጣን ደግሞ ያው ዝቅተኛው ዙር ነው።

በዚህ አያበቃም። ማክሰኝት 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለቆላ የተመጠነ ቤንዚን እዚህ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ቤንዚን የምታሳልፈዋን የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች ቀየርኳት። ካንዴላው አሁን የተቆላ ቡና መስሏል፤ ልኩ እሱ ነው።

አደራ የምላችሁ መተማ ለምትወርዱት ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ በደጋ ልክ የተቀነሰው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ፒስተኑ ከተጣበቀ የኋላ ጎማ በሩጫ ላይ ቀጥ ይላል፤ ከኋላ ሰው ጭናችሁ ከሆነ አስቡት። ከመውረዳችሁ በፊት ሰፊዋን ብሎን መልሱ። ብሎኗ ኪስ ውስጥ ትገባለች።