ስለ ልብ ንጽሕና

ጌታችን በተራራ ላይ ካስተማረው ከአንቀጸ ብፁዓን ስድስተኛው ስለ ልበ ንጹሓን የተነገረው ነው። ይህ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ሰውን ያስፈራል፤ ተስፋው እግዚአብሔርን ማየት ነውና። ምድርን መውረስና ምሕረትን ማግኘት ለሰው እንደሚቻል ልባችን ቶሎ ይቀበላል፤ እግዚአብሔርን ማየት ግን ከዐቅማችን በላይ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን በዚህ ስፍራ ማየት ማለት በሥጋ ዐይን መመልከት ሳይሆን እርሱን ማወቅና ወደ እርሱ መቅረብ ነው፤ ይህም በሚመጣው ዓለም የሚፈጸም፥ በዚህ ዓለም ግን የሚጀመር ነገር ነው።

እንግዲህ የልብ ንጽሕና ምንድር ነው? ብዙ ሰው ከዝሙት ሐሳብ መራቅ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ሌላውም ጾሙን ስላልሻረ፥ ጸሎቱንም ስላላስታጐለ ልቡ የነጻ ይመስለዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሰው ግን ይህን ሁሉ ጠብቆ ልቡ እንደ ረከሰ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ምስክሩ እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ የደረሰብኝን ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ፤ ምናልባት እንደኔ ያለ አንድ አንባቢ ይጠቀምበት ይሆናል።

በ1986 ዓ.ም. ከቅኔ ቤት ወጥቼ በአንድ ደብር ማገልገል ጀምሬ ነበር። አንድ እሑድ መወድስ ተቀኘሁ። ስምንቱን ቤት ሳወጣና ሳወርድ ሌሊቱን አድሬ ነበርና ካህናቱ ያደንቁልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ነገር ግን በዕድሜ እኩያዬ የሆነ አንድ መሪጌታ ሰው ሁሉ እየሰማ፥ «ቃሉስ ያማረ ነው፤ ሰሙ ግን ከወርቁ አይስማማም» አለ። ካህናቱም ሳቁ። ሌላ ምንም አልሆነም።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህ ነቀፋ እንዴት እንደሚቈረቍር ያውቃል። ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ አንግቼ፥ በየደጁ ስለምን ከውሻ እየታገልሁ የተማርሁት ትምህርት በአንድ ቃል የፈረሰ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሰው አልተጣላሁትም፤ መጣላትማ ነውር ነው። ሳገኘው እጅ እነሣለሁ፤ በማኅበርም አብረን እንበላለን። ነገር ግን እርሱ ሲቀኝ ጆሮዬ ስሕተቱን ብቻ ይፈልግ ነበር፤ ሰው ሲያመሰግነው ይከፋኛል፥ ሹመት ሲያልፈው ደስ ይለኛል። ይህንንም ቂም ብዬ አልጠራሁትም፤ ስለ ትምህርት ክብር መቅናት ነው እል ነበር። በዚያው ዘመን ቅስናን ተቀብዬ ነበርና እንዲህ ሆኜ ስቀድስ ኖርሁ።

ትምህርትስ አላጣሁም ነበር። መጻሕፍተ መነኮሳት የተባሉትን ሦስቱን፥ ማር ይስሐቅን፥ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ከመምህር እግር ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ልበ ንጹሓን በተመሰገኑበት በዚያው በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5፥ ወንድሙ የተቀየመው ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ መታዘዙን ለሌላው እተረጕም ነበር። ለሌላው የሚተረጕም ሰው ግን ቃሉ ለእርሱ የተነገረ አይመስለውም።

በቅዳሴያችን ካህኑ እጁን የሚታጠብበት ሰዓት አለ። ከታጠበም በኋላ እጁን ሳያደርቅ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ውኃውን ያንጠባጥባል፤ ንጹሕ ያልሆነ ሰው ወደ ቍርባኑ እንዳይቀርብ፥ በልቡም ቂምና በቀል የያዘ እንዳይደፍር ያስጠነቅቃል፤ እርሱም ከደማቸው ንጹሕ መሆኑን ይናገራል። እኔም ይህን ቃል ከመልመዴ የተነሣ ሳላስበው ከአፌ ይወጣ ነበር። በ1993 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ግን፥ እጄን ታጥቤ ስዞር ዐይኔ ከሚያስቀድሱት መካከል በቆመው በዚያው መሪጌታ ላይ ዐረፈ። ውኃው ከጣቴ ሲወርድ የማስጠነቅቀው ሰው እኔው መሆኔን ዐወቅሁ። ቅዳሴ ማቋረጥ አይቻልምና ፈጸምሁ፤ ቈረብሁም፥ ነገር ግን እሳት እንደሚውጥ ሰው እየተንቀጠቀጥሁ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ስግደት ያበዙብኛል ብዬ አስቤ ነበር። እርሳቸው ግን ነገሬን ሁሉ ሰምተው፥ «ለዚህ ሰው ትጸልይለታለህን?» አሉኝ። «አዎን፥ አባቴ፤ ስለ ካህናት ሁሉ ስጸልይ እርሱም በዚያ ውስጥ አለ» አልኋቸው። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ሰባት ዓመት በአንድ ደብር ስናገለግል የነቀፈኝን ቃል ከነድምፁ ይዤ ኖሬአለሁ፤ በጸሎት የሚጠራበትን ስም ግን አላውቅም ነበር። እርሳቸውም፥ «እንግዲህ ቀኖናህ ይህ ነው፤ ሂድና ስሙን ጠይቀው፤ ስለ ምን እንደምትጠይቀውም ንገረው» አሉኝ።

ሦስት ቀን ዘገየሁ። መቶ ስግደት ቢያዝዙኝ በአንድ ሌሊት እፈጽመው ነበር፤ ይህ አንድ ጥያቄ ግን ከበደኝ። በአራተኛው ቀን ከሰርክ ጸሎት በኋላ ወደ ቤቱ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። እርሱ ያን ቀን ፈጽሞ አላስታወሰውም። ቅኔውን እንድነግረው ለመነኝ፤ እኔም ስምንቱን ቤት አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርሁት። ዐይኑን ጨፍኖ ከሰማ በኋላ፥ «ወንድሜ፥ በሰው ፊት ማሳፈሬ በደል ነውና ይቅር በለኝ። ሰሙ ግን ዛሬም ከወርቁ አይስማማም» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቱን ነበርና። ከዚያም የክርስትና ስሙን ነገረኝ፤ የኔንም ጠየቀኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ነቀፋው በቅኔዬ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሴም ላይ የሚነገር መሆኑን አስተዋልሁ። በቅኔ ሥርዓት ሰሙ በላይ ሆኖ ወርቁ በውስጥ ይገኛል፤ እኔ ግን በላዬ ወርቅ መስዬ በውስጤ ሰም ይዤ የኖርሁ ሰው ነበርሁ።

ይህን ባሰብሁ ቍጥር የብራና ፋቂ ሥራ ትዝ ይለኛል። ፋቂው ቆዳውን በውኃ ነክሮ ይወጥረዋል፤ ከዚያም በውጭ ያለውን ጠጕር ሳይነካ አስቀድሞ በውስጥ ወገን ያለውን ሥጋና ስብ ይፍቃል። ስብ የቀረበት ብራና ቀለም አይዝም። ቀለሙ ቢጠቍር፥ ብርዑም ቢሰላ፥ ጸሓፊውም ሊቅ ቢሆን ፊደሉ ይፈሳል እንጂ አይጸናም። ቂም ያለበትም ልብ እንዲሁ ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል ይነበብበታል፥ ይዜምበታል፤ አይጻፍበትም። እኛም ብዙ ጊዜ ጠጕራችንን እያሳመርን ስባችን እንዳይነካ እንጠብቃለን።

ከዚያ ወዲህ ቂም በልቤ አይገባም አልልም። ነገር ግን የአንድ ሰው ነገር ሲመርረኝ የክርስትና ስሙን ዐውቀው እንደ ሆነ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የማላውቀው እንደ ሆነ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ሰው ስሙን በእግዚአብሔር ፊት በየዕለቱ የሚያነሣለትን ሰው ለረጅም ጊዜ መጥላት አይችልም፤ ወይ ጸሎቱን ይተዋል፥ ወይ ቂሙን ይተዋል።

ያ ወንድሜ በ2012 ዓ.ም. ዐረፈ። በፍትሐቱ ላይ ስሙ ሊጠራ ሲገባ አንዱ ዲያቆን ወደ እኔ ቀርቦ የክርስትና ስሙን ጠየቀኝ። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ነገርሁት።

ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ የውስጣችንን ስብ በቸርነቱ ይፋቅልን፤ ቃሉንም በልባችን ይጻፍልን። አሜን።