ቀለበቱ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1950 አርተር ሆግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፣ «እባቡ» በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። መሀል ላይ ድቡልቡል ብርሃን፣ ዙሪያውን ባዶ፣ ከባዶው ውጭ ደግሞ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል ቀለበት።

የመጀመሪያው ግምት ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚል ነበር። ስሙ እንዳይሸውዳችሁ፣ ከፕላኔት ጋር አይገናኝም። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲያረጅ ከላዩ አራግፎ የሚተወው ጋዝ ነው። በድሮ ቴሌስኮፕ ክብ ሆኖ ሲታይ ፕላኔት ስለመሰለ ስሙ በዚያው ቀረ። (እኛም ኮድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስሞች አሉን፤ ማንም ሊነካቸው አይደፍርም።)

ሆግ ሌላም ግምት ነበረው፦ የመሀሉ አካል በስበቱ ከኋላው ያለውን ብርሃን አጥፎ ቀለበት አስመስሎት ይሆን? ይሄኛው ቆንጆ ነው፣ ምክንያቱም ይፈተሻል። እውነት ከሆነ ቀለበቱ ከመሀሉ በጣም መራቅ አለበት። የራቀ ጋላክሲ ብርሃኑ ይበልጥ ወደ ቀይ ይሳባል። በኋላ ሲለካ ግን የሁለቱም መሳብ እኩል ሆነ፤ ርቀታቸው አንድ ነው። ጠንከር ያሉ ቴሌስኮፖችም ቀለበቱ ለስላሳ መስመር ሳይሆን ጓል ጓል ያለ የከዋክብት ክምር መሆኑን አሳዩ። ሙሉ ጋላክሲ ነው፦ ከ600 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ፣ ስፋቱ ወደ 120 ሺህ የብርሃን ዓመት። ወጣቶቹ ሰማያዊ ከዋክብት ያሉት ቀለበቱ ላይ ነው፤ መሀሉ የሽማግሌዎች ነው።

ይሄን ያነበብኩት ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መብራት በጠፋበት ማታ ነው። በዚያው ሳምንት ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሜ ደውሎ «እማዬን ከዚያ ጫፍ አውጣት፣ ቤቱን አከራዩና መሀል ከተማ ተከራዩ» ብሎኝ ነበር። ኮዬን የሚያውቀው በስልክ ካርታ ነው፤ ከላይ ሲታይ በእርግጥ ሳጥን የተደረደረበት ሜዳ ነው።

የእማዬ ጉልበት ያማታል፣ ደረጃው ይከብዳታል። እዚህ ላይ ወንድሜ ልክ ነው። እኔም ቦሌ ሥራ ደርሼ ስመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያልፈው ጊዜዬ ያንገበግበኛል። ግን እሷ የእቁቡ ጸሐፊ ናት። ለእድሩ ድንኳን ማን እንዳዋጣ ደብተሯ ላይ አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አራስ ልጇ ሲያለቅስባት መጀመሪያ የምትጠራው እማዬን ነው። ካርታው ላይ ይሄ የለም።

«ልጄ፣ መሀል ከተማ ሄጄ ማንን ላውቅ ነው?» አለችኝ ጀበናውን እያጠበች።

የሆግ ጋላክሲ ቀለበት እንዴት እንደተፈጠረ እስካሁን ስምምነት የለም። ሌላ ጋላክሲ ሰንጥቆት አልፎ ነው እንዳይባል፣ በአቅራቢያው ተጠርጣሪ አልተገኘም። በሀብል ፎቶ ላይ ደግሞ በመሀሉና በቀለበቱ መካከል ባለው ባዶ ውስጥ፣ እጅግ ርቆ ሌላ ቀለበታም ጋላክሲ ይታያል። ፎቶውን ለእማዬ አሳየኋት። «ይሄኛውስ ጎረቤቱ ነው?» አለች። አይደለም፣ በጣም ሩቅ ነው አልኳት።

ወንድሜ ለገና ይመጣል። ሻንጣውን ይዞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይውጣና እንነጋገራለን።