የማን ቅሬ ነው?

አባቴ መርሳ ላይ ሲያርፍ መቃብሩን ከቆፈሩት ውስጥ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነበሩበት። ዶማና አካፋ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ መጡ። ሴቶቹ እኛ ቤት ንፍሮ ቀቀሉ። ሥጋ ቢሆን የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ይለያል፤ ንፍሮ ግን ማንም ይዘግናል።

ይህን ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ሳወራ «ወሎ እኮ ፍቅር ነው!» ይሉኛል። እውነት ለመናገር አባባሉ ያናድደኛል። ፍቅሩ አለ፤ ግን የቀረ ሰውም ይቀጣል። ሌላው አገር ዕድር የሚለው የእኛ ቅሬ ስም ይጠራል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ቀብር የቀረን ይቀጣል።

ሶሺዮሎጂ ስማር አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ ጥላቻ የሚያወራ መጽሐፍ አጋጠመኝ። የተለያዩ ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ አይቀራረቡም ይላል። በመካከላቸው እኩልነት፣ የጋራ ዓላማ፣ አብሮ መሥራትና የሚደግፋቸው ሥርዓት ያስፈልጋል። እኔ የታየኝ የአባቴ ቅሬ ነው፤ ሼሁም ቄሱም እኩል ብር ያዋጣሉ፣ ሬሳው የሁሉም ነው።

ከዚያ ለሥራ ወልዲያ ገባሁና ቤት ተከራየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ መዋጮ የጠየቀኝ የለም። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው የቀን ሠራተኛ ልጅ ሞቶ ተገኘ። ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ቆምን። «የማን ቅሬ ነው?» አለ አንዱ። የማንም አልነበረም። ድንኳኑ የአባላት ነው፣ ሕጉም ሕግ ነው፤ ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። የባሰው ግን የት እንደሚቀበር እንኳ አለማወቃችን ነው። ወሎ ውስጥ ስም አይነግርም፤ የእሱ በክርስቲያን ስም ጀምሮ በሙስሊም አባት ስም ያልቃል። አንድ ዓመት ከአንድ ቧንቧ ቀድተን፣ ይጹም ይስገድ አላውቅም።

በስልኩ እናቱ ጋ ደወልን። «አምጡልኝ» አሉ።

ተከራዮቹ ለመኪና አዋጣንና ወሰድነው። ሀብሩ ገጠር ስንደርስ ሰዉ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ መቃብሩ ተቆፍሯል። ለካ እናቱ በቤተሰቡ ስም ሲከፍሉ ኖረዋል። አንድ አዛውንት፣ የማን ዘመድ እንደሆንኩ ሳይጠይቁ፣ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ።

ወልዲያ ስመለስ የሰፈሩ ቅሬ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ።

«ቤቱ የራስሽ ነው?»

«ኪራይ ነው ጋሼ።»

«ነገ ብትለቂስ?»

«እስክለቅ እከፍላለሁ።»

ትንሽ አሰቡና ደብተሩን ገለጡ። የሌላው ሁሉ ስም በእስክሪፕቶ ነው፤ የእኔን በእርሳስ ጻፉት።