የነቀምቴ ረፋድ፣ በቀረፋና በኮረሪማ

ወለጋን በቅቤው ነው የወደድኩት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አምቦን፣ ጉደርንና ባኮን አልፎ የሚሄደው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነቀምቴ ያገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ጠዋቷ ይቀዘቅዛል፤ በየግቢው የሚነጠረው ቅቤ ጠረኑ ሳይበተን ሠፈሩ ላይ ያረፍዳል። ኮሰረቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ኮረሪማው ይከተላል።

ያረፍኩበት ቤት ቅዳሜ ማታ ጩምቦ ቀረበ። ጩምቦ የወለጋ ኦሮሞ የክብር ምግብ ነው። ወፍራም ክብ የጤፍ ቂጣ በንጥር ቅቤ ርሶ፣ እርጎ ፈስሶበት፣ በቢላ እየተቆረጠ ለድግስና ለተከበረ እንግዳ ይወጣል። የመጀመሪያውን ቁራሽ እንደጎረስኩ ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ነገር ትዝ አለኝ፤ ሲናመን ሮል። ቅቤ ውስጥ ለውስጥ የገባበት ዳቦ፣ ላዩ ላይ ነጭ የፈሰሰበት፣ ጠረኑ ከጣዕሙ የሚቀድም። ይህንኑ ለባለቤቲቱ ብነግራቸው ብዙም አላሰቡም፦ «እንግዲያው ነገ ጋግሪልና፣ ልጄ።»

እሑድ ረፋድ ነቀምቴ ላይ ሰፊ ጊዜ ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቡና ይቆላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቁርሱና ምሳው መሃል ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ላለ ሰዓት ሊጡ በእርሾ እስኪነሣ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አይመችም፤ በቤኪንግ ፓውደር የሚሠራው ግን ከማቡካት እስከ መብላት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ኦቨን በቤቱ አልነበረም። «ድፎ ዳቦ በምን የምንጋግር መሰለሽ?» አሉኝና ከባዱን ብረት ድስት ከነክዳኑ አወጡ። ከታች ፍም፣ ክዳኑ ላይም ፍም።

ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አዋሃድኩ። አምስት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ጨምሬ፣ ዱቄቱ ፍርፋሪ እስኪመስል በጣቶቼ አሸሁት። ቅቤው ቀዝቃዛ ቢሆን ይመረጣል፤ እሳቱ ሲነካው በየፍርፋሪው መሃል ቀልጦ ዳቦውን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ሦስት አራተኛ ኩባያ ወተት። ወተቱን በእርጎ የሚተካ ሰው ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይጨምርበት፤ የእርጎው ኮምጣጣነትና ሶዳው ሲገናኙ አየር ይፈጥራሉ፣ ሊጡን የሚያነሣውም እሱ ነው። እጅ ማብዛት ግን ክልክል ነው። እንደ እርሾ ዳቦ ከታሸ ይጠነክራል፤ እስኪሰበሰብ ድረስ ብቻ።

ባለቤቲቱ የገቡበት ሙሌቱ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የነበረው ንጥር ቅቤ አብሽና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ለጣፋጭ አይሆንም ብለው፣ ትንሽ ለጋ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ ብቻ ለብ አድርገው አጠለሉት። ይህ ብልሃት ለእኔ የጉዞው ትልቁ ግኝት ነበር። ሊጡን ዘርግቼ ላዩን በዚያ ቅቤ ቀብቼ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ ነሰነስኩ። ቀረፋው ብዙ ባሕር አቋርጦ የመጣ ልጥ ነው፤ ኮረሪማው ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ልጅ፣ በክር ተሰክቶ ገበያ የሚወጣ። ጠቅልዬ በክር ዘጠኝ ቦታ ቆረጥኩት። ክሩን ከሥር አስገብቶ ከላይ ማጠላለፍ ነው፤ ቢላ ጥቅሉን ይጨፈልቀዋል።

ድስቱ ፍሙ ላይ ተቀምጦ ጠረኑ ሲወጣ ስለ ስዊድን ማሰቤ አልቀረም። እዚያ የቀረፋ ጥቅል ዳቦ የየቤቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኦክቶበር 4 የራሱ ቀን ተሰጥቶታል። ስዊድናውያን ሊጡ ውስጥ ሄል ይጨምራሉ፤ ሄልና ኮረሪማ ደግሞ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን የሚቆጠሩ ዘመዳሞች ናቸው። ነቀምቴና ስዊድን የቆየ ትውውቅ አላቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው ኦኔሲሞስ ነሲብ የተማረው ስቶክሆልም አጠገብ ነው። ተርጓሚው እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ሲገባ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የቀድሞው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሉት። የደጃዝማቹ ቤተ መንግሥት ዛሬም ከተማው ውስጥ አለ፤ ነቀምቴ የሚደርስ ሰው ሳያየው ባይመለስ እላለሁ። በዚያ የቀረፋና የኮረሪማ ጠረን መሃል፣ የኦኔሲሞስ መንገድ ከመጽሐፍ ላይ ወርዶ አጠገቤ የመጣ ያህል ተሰማኝ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ክዳኑ ተነሣ። ላዩ ቀልቷል፣ ስኳሩ ከሥር ቀልጦ ዳር ዳሩን ይዞታል። (ኦቨን ያለው ሰው በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል።) የዱቄት ስኳር አልፈለግንም፤ በጨርቅ የተጠለለ እርጎ ከማር ጋር ተመትቶ ትኩሱ ላይ ፈሰሰበት። ይህም ከጩምቦ የተወሰደ ነው፣ ለእኔ ከኬክ ቤቱ ነጭ ስኳር እጅግ ይበልጣል፤ ኮምጠጥ ማለቱ ጣፋጩን ያስተካክለዋል። አብሮት የቀረበው ቡና በዓለም ገበያ የከተማዋን ስም ይዞ «ለቀምት» የሚባለው፣ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው የወለጋ ቡና ነበር። ያለ ስኳር ጠጣሁት፤ ከቀረፋው ጋር የፍራፍሬ ጣዕሙ ጎልቶ ወጣ።

«አካም ቡልተኒ» እያሉ የገቡት ጎረቤቶች ሲበሉ አንዲት እናት ኮረሪማው አንሷል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አሁን አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ አደርጋለሁ፣ ቀረፋውን ሳልቀንስ። የተረፈ ካለ ማግስቱን አግድም ለሁለት ሰንጥቆ፣ ቅቤ የነካው ምጣድ ላይ የተቆረጠውን ፊት ወደታች አድርጎ ማሞቅ ነው፤ ስኳሩ እንደገና ይቀልጥና ጫፉ ይንኮሻኮሻል።