አሪቲ በጫማ ውስጥ

የደሴ ክረምት ጫማ አያደርቅም። ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል፤ ማታ የተወለቀው ጫማ ጠዋትም እርጥብ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ጫማ የማውለቅን ያህል የምፈራው ነገር አልነበረም። (ሽቶ ሞክሬያለሁ፤ ሽቶና የእግር ላብ ሲገናኙ ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ሽታ ይወለዳል።)

እናቴ ሳልነግራት ገባት። ካረጀ የኮምቦልቻ ፋብሪካ አንሶላ ላይ ቀድዳ መዳፍ የምታህል ከረጢት ሰፋች፤ ሦስቱን ጎን በመርፌ ገጥማ፣ በጥላ የደረቀ አሪቲና አደስ ሞልታ አራተኛውን ዘጋችው። «ናይሎን አየር አያሳልፍም፤ ቅጠሉም በደንብ ካልደረቀ ራሱ ይሻግታል» ትል ነበር። ከረጢቷ ማታ ጫማው ውስጥ ታድራለች፤ ጠዋት ወጥታ፣ ፀሐይ ከተገኘ፣ ትሞቃለች።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤታችንን ቆልፈን ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረድን፤ እዚያም ማደር ሳይሆንልን አለፍን። ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ከተለቀቀች በኋላ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል። ጫማዎቹ የሉም። የወሰዳቸው ሰው ግን ከረጢቶቹን ከውስጣቸው አውጥቶ ወለሉ ላይ ጥሏቸዋል፤ አራት ናቸው።

እናቴ አንዷን አንሥታ አሸተተች።

«ቅጠሏ ይቀየር» አለችና መርፌዋን ፍለጋ ጓዳ ገባች።