የልጅ ክንድ ስንት ጊዜ ይወረውራል?

ጡረታ በወጣሁ ዓመት፣ በ2007 መጋቢት ወር፣ ልጄን ለማረስ ወደ አሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። የሄድኩት ቅቤና የአጥሚት እህል ቋጥሬ ነበር፤ የተመለስኩት ግን የቤዝቦል ደጋፊ ሆኜ ነው።

አማቼ የተማረው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ሲጫወት ቴሌቪዥኑ ለሌላ አይከፈትም። ጨዋታው መጀመሪያ ላይ የእኛ የገና ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የቀረው ቆሞ ይጠብቃል። ለአራስ ቤት የሚመች ነው፤ አጥሚት አማስዬ ስመለስ ብዙም አላመለጠኝም።

ቡድኑ ያን ዓመት ብዙ ተሸነፈ። ከተጫዋቾቹም የተጎዱ ነበሩ። ዋነኛው ወርዋሪ ኔታን ከርቢ በሚያዝያ ወር ከብብት ሥር ወደ ጀርባ የሚሄደው ጡንቻ ተጎዳበትና ለሁለት ወር ያህል አረፈ። አማቼ አዘነ፤ ግን «ማሳረፋቸው ትክክል ነው» አለ። ይህችን ቃል በልቤ ያዝኳት።

የልጅ ልጄ ያኔ 10 ዓመቱ ነበር። እሱም ወርዋሪ ነው፤ ቅዳሜ ለአንድ ቡድን፣ እሑድ ለሌላ። አንድ እሑድ ማታ ካናቴራውን በግራ እጁ ብቻ ሲያወልቅ አየሁት። የቀኝ ክርኑን ከውስጥ በኩል ጫን ሳደርገው ፊቱ ተለወጠ።

«አያቴ፣ ለአባባ እንዳትነግሪው» አለኝ።

በነርስነት ዘመኔ ልጆች እንዲህ ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጅ ሕመሙን የሚደብቀው ሕመሙ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የሚወደውን እንዳይከለክሉት ወይም የሚወደውን ሰው እንዳያሳዝን ነው።

አማች እንደ ልጅ አይቆጡትም። መጀመሪያ ለልጄ ነገርኳት፣ ከዚያ ሦስታችን ተቀመጥን። «እማማ አያስቡ፣ ሲለምደው ይተወዋል» አለኝ። እኔም የማውቀውን አስረዳሁት። የልጅ አጥንት የሚያድገው ጫፉ ላይ ባለው ገና ባልጠነከረ ክፍል ነው፤ በየውርወራው ጡንቻና ጅማት ሲስበው ያ ቦታ ይጎዳል። የሕፃናቱ ሊግም ይህን ያውቃል። ከ9 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ75 ኳስ በላይ አይወረውርም፤ ከ65 ካለፈ ደግሞ አራት ቀን ያርፋል። ሁለቱም አሠልጣኞች በየራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ሁለቱን የሚደምር ግን አልነበረም። የልጁ ክንድ ግን አንድ ነው።

«ለ21 ዓመቱ ጎረምሳ ዕረፍት ተገቢ ከሆነ፣ ለ10 ዓመቱ አይገባውም ወይ?» አልኩት። ዝም አለ። በማግሥቱ ራሱ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ግን ለስድስት ሳምንት ኳስ እንዳይወረውር ታዘዘ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ። አማቼም ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም።

እርቃችን በሰኔ መጣ። ብዙ ያልተጠበቀው ቡድን ካሊፎርኒያ ተልኮ አሸንፎ ተመለሰ፤ ቀጥሎም ነብራስካ ግዛት፣ ኦማሃ ለፍጻሜ ደረሰ። ሰኔ 17 ማታ፣ ዓምና በፍጻሜ ካሸነፈው ከቫንደርቢልት ጋር፣ መጀመሪያ 2 ለ 0 ተመርቶ 4 ለ 2 አሸነፈ። ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው የቤዝቦል ዋንጫ ነበር። የመጨረሻዎቹን ኳሶች የወረወረው ያ ያረፈው ከርቢ ነው። የልጅ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ አራሷም ሕፃኑን ታቅፋ ከመኝታ ቤት ወጣች።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከርቢ ከዚያ በኋላ ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ዋንጫ ክንድ አያድንም። ቡድኑን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ያን ወሬ ከሰማሁ ወዲህ ግን ከነጥቡ ይልቅ የወርዋሪውን ትከሻ ነው የምመለከተው።

ወላጆች ሆይ፣ የእናንተ ልጅ ቤዝቦል አይጫወት ይሆናል፤ ኳስ ይመታል፣ ይሮጣል፣ ይዘላል። ልጅ አንዱን እጁን ወይም እግሩን ሲሸሽግ ካያችሁ ጠይቁት። አትሹት፣ በማስታገሻ ብቻ አታልፉት፣ አሳዩት። ስንት ሰዓት እንደተጫወተም በየቦታው ሳይሆን በአንድ ላይ ደምሩ። ከሁሉ በላይ፣ «አመመኝ» ሲላችሁ የማትቆጡት ሁኑ።

የልጅ ልጄ አሁን እሑድ ሲደውልልኝ ከሰላምታው ቀጥሎ «አያቴ፣ ስንት እንደወረወርኩ ልንገርሽ?» ይለኛል። ማሸነፍ መሸነፉን የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።